የእመት ሽቅብ አውቶቡስ

ሰው ሁሉ «ለጊዜው» ብሎ የጀመረው ነገር አያጣም። ለጊዜው በተከራየው ቤት ልጅ ድሮ የልጅ ልጅ ያየ አለ፤ ለጊዜው በተዋሰው ካፖርት ጡረታ የወጣ አለ። እመት ሽቅብም የአሳንሰር ሠራተኛ የሆነችው ለጊዜው ነበር፤ የተሻለ እስኪገኝ። የተሻለው መንገድ ይጥፋበት፣ እግሩን ይመመው እንጃ፣ ሳይመጣ ቀረ፤ እሷም በልጅነቷ በገባችባት ሳጥን ውስጥ ምራቋን ዋጠች።

ሕንፃው ባለ ሰባት ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ ደግሞ ከሕንፃው ጋር የተወለደ አሮጌ። እንደ ዛሬዎቹ ቁጥር ሲጫኑት የሚታዘዝ አይደለም። ግድግዳው ላይ የነሐስ እጀታ አለው፤ ወደ ቀኝ ሲገፉት ይወጣል፣ ወደ ግራ ሲገፉት ይወርዳል፣ መሃል ላይ ሲመልሱት ይቆማል። ለአፍ ቀላል ነው። ወለሉን ከፎቁ ወለል ጋር እኩል አድርጎ ማቆም ግን የእጅ ነገር ነው፤ ትንሽ ከዘገዩ ተሳፋሪው ተደናቅፎ በግንባሩ ይወጣል። ለዚህ ነው ከበሩ አጠገብ አንዲት ዱካ የተቀመጠችው፤ ዱካዋ ላይ ደግሞ እመት ሽቅብ።

ስሙን ያወጣላት አምስተኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው ወፍራሙ ጠበቃ ነው። «በሕይወቴ ወደ ላይ የወሰደችኝ ሴት አንቺ ብቻ ነሽ» አላት አንድ ቀን፤ ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ስሟን የሚያስታውሱት ባሏና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ሆኑ።

ሥራዋን አትወደውም ነበር። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። «ቀኑን ሙሉ ስጓዝ ውዬ» ትለዋለች ባሏን፣ «ማታ ስወርድ ጠዋት የተነሳሁበት ቦታ ላይ ነኝ። የጋሪ ፈረስ እንኳ ገበያ ደርሶ ይመጣል!» ባሏ ቤት ቀለም ቀቢ ነው፤ ከጆሮው ውስጥ ቀለም ጠፍቶ አያውቅም። «አይዞሽ የኔ እመቤት» ይላታል፣ «እኔም ግድግዳ ሳይ ነው የምውለው። ቢያንስ ያንቺ ይንቀሳቀሳል።»

ሥራ መጥላት ግን አንድ ነገር ነው፤ ያንን ጥላቻ በመጣ በሄደው ሰው ላይ መትፋት ሌላ። እመት ሽቅብ ገና ድሮ ነው ከራሷ ጋር የተማማለችው፦ ሳጥኗ ብትጠብም ሆዴ አይጠብም። እናም ቀልድ ትሰፍር ጀመር። ሁለተኛ ፎቅ ለሚወርድ አጭር ቀልድ፣ ለአራተኛ መካከለኛ፣ ሰባተኛ ለሚወጣ ደግሞ አማች ከምራት የተጣላችበት፣ ዳኛ የገባበት፣ ማብቂያው በሩ ሲከፈት የሚደርስ ረጅም ወግ። ጠበቃው አምስተኛ ላይ መውረድ ሲገባው የወጉን መጨረሻ ለመስማት ሰባተኛ ደርሶ ይመለስ ነበር። ደንበኞቹ ቢሮው በር ላይ ቆመው ሲጠብቁት፣ ከላይ ወደ ታች እየሳቀ ይመጣባቸዋል።

ታዲያ ከእነዚህ ሁሉ ቀልዶች ሥር አንድ ቁም ነገር ነበራት። የከተማ አውቶቡስ መንዳት ትፈልግ ነበር። ለምን ቢሏት ብዙ አትፈላሰፍም፤ «ጥግ መታጠፍ አምሮኝ» ትላለች። ከሥራ ስትወጣ መንዳት ተማረች፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አወጣች፣ ባሏ በደስታ ጮቤ ረገጠ። የቀረው የአውቶቡስ ድርጅቱን የመንዳት ፈተና ማለፍ ብቻ ነበር። ተፈተነች። ወደቀች።

የወደቀችበት ምክንያት ደግሞ ካሳንሰር ሠራተኛ በቀር በማንም ላይ የማይደርስ ነው። ስንት ዘመን ሙሉ ዓይኗ የኖረው ከበሩ በላይ ነበር፤ ስንተኛ ፎቅ እንደደረሱ የሚያሳየው ቁጥር የሚበራው እዚያ ነዋ። መሪውን እንደጨበጠች ዓይኗ ሳታዝዘው ሽቅብ ሄደ። ታወርደዋለች፣ ይወጣል። ታወርደዋለች፣ ይወጣል። አውቶቡሱ ወደፊት እየተንደረደረ እሷ ከመስታወቱ በላይ ያለውን ባዶ ቆርቆሮ ቁጥር ይበራበት ይመስል ትጠብቃለች። ፈታኙ ቀጭን፣ ፂሙን እንደ ማስመሪያ የከረከመ ሰው ነበር። ፍሬን አስይዟት፣ ላቡን ጠርጎ፣ «እህቴ፣ መንገዱ ታች ነው» አላት።

ያን ቀን ወሽመጧ ብጥስ አለ። ቤቷ ገብታ ትራሷ ውስጥ አለቀሰች። ጠዋት ግን ዱካዋ ላይ ተቀምጣ አሰበችና ከት ብላ ሳቀች። «ያበላሸኝ ይሄ ሳጥን አይደል? የሚያስተካክለኝም እሱ ነው!» አለች። ባሏ በሰሌዳ ላይ በቀይ ቀለም «መንገዱ ፊት ለፊት ነው» ብሎ ጻፈላት፤ እሷም ወስዳ ቁጥሩን ሸፈነችበት።

ከዚያ ወዲያ በሕንፃው ውስጥ ስንተኛ ፎቅ እንደደረሰ የሚያውቅ ተሳፋሪ አልነበረም። እሷ ግን ቀስ በቀስ አወቀች። ሦስተኛ የጥርስ ሐኪሙ ቅርንፉድ ይሸታል፤ አራተኛ የልብስ ሰፊዎቹ ካውያ እፍ ይላል፤ አምስተኛ ላይ የጠበቃው ጸሐፊ ሁሌ ስልክ ላይ ትጮኻለች። ዓይኗን ፊት ለፊት ተክላ፣ «ቅርንፉድ ላይ ወራጅ አለ?» ትላለች። «አለ!» ይላል ጉንጩ ያበጠ አንዱ። ሰዎቹ ለመዱት፤ ለምደውም አልቀሩ፣ ወደዱት። ጉንጬ አበጠ ያለ ሁሉ እየሳቀ ጥርሱን ሊነቀል ይገባ ነበር።

እንዲህ ስትለማመድ ዓመቱ ዞረና የሁለተኛው ፈተና ቀን ተቆረጠ። ችግሩ ድርጅቱ አርባ ዓመት የሞላው አዲስ ሾፌር አይቀጥርም፤ እሷ ደግሞ በሚመጣው ወር አርባ ትደፍናለች። አሁን ካለፈች አለፈች። ካላለፈች ዱካዋ ላይ ታረጃለች፤ ሌላ መንገድ የለም። ፈተናው የዋለው ደግሞ በሥራ ቀን ነው።

የሕንፃው ኃላፊ ቢሮ መሬት ላይ ካለው ኮሪደር ጥግ ነው። ሰውየውን ከጀርባው «አቶ አይቻልም» ይሉታል። ገና ሳትጨርስ መለሰላት።

«የአንድ ቀን ፈቃድ ፈልጌ…»

«አይቻልም።»

«ጌታዬ፣ ምክንያቱን እንኳ ይስሙኝ። የአውቶቡስ ፈተና…»

«ሰምቻለሁ። አሳንሰሩን ማን ሊነዳው ነው? አይቻልም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አቶ አይቻልም ሁለቱንም ያስንቃል። ለመነችው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ወጥታ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች፤ ያን ቀን ለሁለተኛ ፎቅም ለሰባተኛም ቀልድ አልነበረም። ጠበቃው ያለወትሮው አምስተኛ ላይ በዝምታ መድረሱ አስደነገጠው። «ምን ሆነሻል? ሰው ሞተ?» አላት። ነገረችው። ከአሳንሰሩ ወረደና ቢሮው ሳይገባ በደረጃው ወደ ታች ሄደ፤ ከዚያ ፎቅ ለፎቅ ማንኳኳት ጀመረ።

በማግስቱ ጠዋት አቶ አይቻልም ኮቱን ሳያወልቅ መግቢያው በሰው ተሞላበት። የጥርስ ሐኪሙ፣ ልብስ ሰፊዎቹ፣ ጸሐፊዎቹ፣ ሁሉም። ጠበቃው ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡር ኃላፊ፣ እኛ ተከራዮች ነገ በአሳንሰሩ አንጠቀምም። ሐኪሜ ደረጃ ውጣ ካለኝ ቆየ፤ ነገ ልታዘዘው ነው።»

«እኛም!» አሉ ልብስ ሰፊዎቹ።

«የማይጠቀሙበትን አሳንሰር የሚነዳ ሰው ደግሞ አያስፈልግም» አለ ጠበቃው። ክርክር ያሸነፈ ጊዜ እንደሚያደርገው ሆዱን ዳበሰ።

አቶ አይቻልም የመጨረሻ ጥይቱን ተኮሰ። «እሺ እማማስ? ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያሉት አሮጊት በእግራቸው ሊወርዱ ነው?»

እማማ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። የከተማውን ግማሽ ሕዝብ በእጃቸው ተቀብለዋል። በየጠዋቱ ወርደው መግቢያው በር ላይ ፀሐይ ካልሞቁ ቀኑ አይነጋላቸውም። መልእክት ቀድመው ልከው ኖሯል፤ ጸሐፊዋ አነበነበችው። «እማማ እንዲህ ብለዋል፦ አንድ ቀን ፀሐይ ባልሞቅ አልሻግትም፤ ልጅቱን ልቀቃት።»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይሄ ነው። አቶ አይቻልም ፊቱን ቅጭም አድርጎ ሁሉንም አያቸውና፣ «እንግዲህ እግራችሁ ያውጣችሁ!» ብሎ በሩን ዘጋ። ከአፉ ፈቃድ የሚመስል ነገር ሲወጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

ፈታኙ ያው ያ ባለ ማስመሪያ ፂም ነበር። ሌሎቹ ተፈታኞች እንደ ተሳፋሪ ኋላ ተቀምጠዋል፤ ተራ በተራ እየተነሱ መሪው ላይ ይወጣሉ። የእመት ሽቅብ ተራ ደረሰ። ተቀመጠች፣ መስታወቱን አስተካከለች፣ ዓይኗን ፊት ለፊት ተከለች። ዓይኗ እሺ አለ። ተነሳች። አደባባዩን ዞረች፤ ቀኝ ታጠፈች፤ ግራ ታጠፈች። እንዴት ደስ ይላል! ሕንፃዎች በጎን በኩል ይሄዳሉ፣ ዛፎች በጎን በኩል ይሄዳሉ፣ አንድ ሰው ውሻውን ይዞ በጎን በኩል ያልፋል። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ፈታኙ «ፌርማታው ላይ ቁሚ» አላት። ቆመች፤ ጠርዙን እኩል አድርጋ፣ ያለ ንቅናቄ። በሩን ከፈተች። አንዳንዶቹ ተፈታኞች እንደታዘዙት ወርደው በፊት በር ተመልሰው ገቡ። ሁሉም እስኪቀመጡ ጠበቀች። በሩን ዘጋች። እዚህ ድረስ የሚወጣላት ስህተት አልነበረም። ከዚያ ግን ዘወር አለችና፣ በየቀኑ እንደምትለው፣ ፍጹም በተረጋጋ ድምፅ፣

«ስንተኛ ፎቅ ናችሁ?» አለች።

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው ራሷ የሰማችው። ከዚያ ከኋላ አንዱ አልቻለም፤ ፈነዳ። ተከትለውት ሁሉም በሳቅ ተናጉ። «እኔ አራተኛ!» አለ አንዱ። «እኔን ጣሪያው ላይ አውርጂኝ!» አለች ሌላዋ። እመት ሽቅብ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አለቀ፣ አለች በልቧ፤ በቃ፣ አርባ ዓመቴን በዱካ ላይ ላከብር ነው።

ፈታኙ ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ ነበር። ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ።

«እኔ ምድር ቤት ነኝ» አለ ቀና ሳይል። «ቀስ ብለሽ አውርጂኝ።»

በመስታወቱ አየችው። ያ የተከረከመ ፂም እየተንቀጠቀጠ ነበር። ሰውየው ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነክሷል። እሷም ሳቀች፤ እየሳቀች ነዳች፤ እየሳቀች የፈተናውን መንገድ ጨርሳ ግቢው ውስጥ አቆመች። ሌሎቹ ከወረዱ በኋላ ፈታኙ አጠገቧ ቆመ።

«ከጠዋት ጀምሮ ሲፈተኑ አንዱ ተሳፋሪ አንዱ ጭን ላይ ሲወድቅ ነው ያረፈደው» አላት። «ሰው ሳይቀመጥ ይነሳሉ፤ ሲቆሙም ያንገጫግጫሉ። አንቺ ስታቆሚ ሻይ ይዤ ቢሆን አይፈስም ነበር። ሰው ተቀምጦ ሳያልቅም አልተነሳሽም። ፎቁን ግን ተይው። ሰኞ ጀምሪ።»

እመት ሽቅብ አመሰገነችው ወይስ አላመሰገነችው፣ አታስታውስም። እግሯ መሬት ሳይነካ ነው ሕንፃው ደጃፍ የደረሰችው። ወደ ቤቷ ብትሄድ ማንም አይከለክላትም ነበር፤ ግን ይሄንን ወሬ ደረጃ ሲወጡ ለዋሉላት ሰዎች ሳትነግር እንዴት ታልፋለች? በሩን ከፍታ «አለፍኩ!» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ጠበቃው በላብ ተጠምቆ በደረጃው ሲወርድ አገኘችው።

«መጣሽ! ተመስገን! ነይ፣ ሰውየው ተሰቅሏል!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ አይቻልም ቀኑ ወደ ቀትር ሲሆን ሰባተኛ ፎቅ ድረስ በእግሩ ወጥቶ ነበር፤ የደረጃውን መብራት ልይ ብሎ። እማማ በመስኮታቸው ስንጥቅ የምትገባ አንዲት የፀሐይ ጭረት ላይ ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀምጠዋል። ጭረቷ ስትሄድ ወንበሩን ይገፋሉ። ይሄ አንጀቱን በላው። «እማማ፣ እኔ አወርድዎታለሁ» አላቸው፤ ሰባተኛ ላይ ቆሞ ያደረው አሳንሰር ውስጥ አስገባቸው፤ እጀታውን እንደ ጋሪ ልጓም ወደ ግራ ጎትቶ ለቀቀው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ፊውዙ ተቃጠለና ሳጥኗ ከአራተኛ ፎቅ ወለል ዝቅ ብላ ቀጥ አለች።

እመት ሽቅብ መጀመሪያ ጣሪያው ሥር ያለው ክፍል ወጥታ ኤሌክትሪኩን ዘጋች። ከዚያ አራተኛ ፎቅ ወርዳ የደጁን በር በቁልፏ ከፈተች። በሳጥኗ ጣሪያና በፎቁ ወለል መካከል አንድ ሰው በግድ የሚያሾልክ ክፍተት ነበር፤ ከዚያ ውስጥ የእማማ ድምፅ ይሰማል።

«ተንፍስ፣ ልጄ። ቀስ ብለህ። አይዞህ፣ ብዙዎች አልፈውታል።»

«እማማ፣ ደህና ነዎት?» ብላ ጮኸች እመት ሽቅብ።

«እኔማ ደህና ነኝ፤ የኪሱን ብስኩት ሁሉ በላሁበት። እሱ ነው የጨነቀው። አየር አጠረኝ ይላል።»

«ፊውዙን ቀይሬ አሁን አወጣችኋለሁ።»

«አልችልም!» አለ አቶ አይቻልም። «አሁን አውጡኝ!»

ልብስ ሰፊዎቹ ሮጠው መጡ። መጀመሪያ የሰውየው እጆች ወጡ፣ ቀጥሎ ጭንቅላቱ። ጠበቃው አንድ እጁን ያዘ፣ የጥርስ ሐኪሙ ሌላውን። እማማ ከታች ሆነው መግፋት ጀመሩ፤ የድሮ ሥራቸው ተመልሶላቸው ድምፃቸው እንደ ወጣት ሆነ።

«ጭንቅላቱ ወጥቷል! ትከሻውን ጠምዘዝ አድርጉት! ግፋ! ጎበዝ! አሁን እረፍ።»

አቶ አይቻልም ሆዱ ላይ ሲደርስ ቀረ። ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ቀና ሲል እመት ሽቅብን አያት። ያለበትን ረሳው።

«አለፍሽ?» አላት።

«አለፍኩ፣ ጌታዬ። ሰኞ ጀምሪ ብለውኛል።»

ሰውየው ባለበት ሆኖ አንገቱን ዝቅ አደረገላት።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ። ከዚያ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «የከለከልኩሽ በክፋት አይደለም። አንቺ ከሄድሽ ጠዋት ጠዋት ደህና አደሩ የሚለኝ ሰው የለም። ሌላው ሁሉ ስለ ቧንቧ ነው የሚያናግረኝ።»

እመት ሽቅብ ይሄን ሁሉ ዘመን እንደ በር መዝጊያ የምታየው ሰው እንዲህ ያስባል ብላ አልማ አታውቅም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ምነው ጌታዬ ቀደም ብለው ቢነግሩኝ!» አለችና ጎንበስ ብላ በብብቱ ያዘችው። «በሉ አንድ ላይ፣ ጎትቱ!»

እማማ ከታች «ግፋ!» አሉ፣ እነሱ ከላይ ጎተቱ፣ ሰውየው የኮቱን ቁልፎች አራግፎ ወለሉ ላይ ዝርግፍ አለ። ከሳጥኗ ውስጥ የእማማ ድምፅ ሕንፃውን አናወጠው።

«ወንድ ነው!»

ልብስ ሰፊዎቹ እልልታውን አቀለጡት። ለማለፏ ይሁን ለሰውየው መወለድ ማንም አልለየውም፤ ለሁለቱም ይበቃል። ከሦስተኛ ፎቅ ጉንጫቸው ያበጠ ሰዎች ምን ተፈጠረ እያሉ ብቅ አሉ። ጠበቃው ግድግዳ ተደግፎ እስኪያነባ ሳቀ። አቶ አይቻልም ራሱ ሳቀ፤ ሲስቅ ጥርሱ ያምር ኖሯል፣ የጥርስ ሐኪሙም መሰከረ።

እመት ሽቅብ ፊውዙን ቀየረች፤ እማማን እንደ ዕንቁላል አድርጋ ታች አወረደቻቸው፤ ፀሐዩ ላይ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ አቶ አይቻልምን ዱካው ላይ አስቀምጣ እጀታውን አስጨበጠችው፤ ሌላ ሰው እስኪቀጠር ለጊዜው እሱ ሊነዳ ነው። ከሰዓቱን ሙሉ አጠገቡ ቆማ አስተማረችው። አንዴ ከወለሉ በላይ ያቆማል፣ አንዴ ከወለሉ በታች፤ ተሳፋሪው አንዴ ይዘላል፣ አንዴ ይንጠላጠላል። ማንም አልተቆጣም። «ይለምዳል፣ ገና ጨቅላ ነው» ይሉ ነበር እየወጡ።

ቀኑ ሲያበቃ ሁሉንም ተሰናበተች። ስሰናበት ይቀለኛል ብላ ነበር፤ ደስ ብሏት ሳለ ግን ሆዷ ባባ። ይህችን ሳጥን ስታማርር የኖረችባቸው ዓመታት ለካ በሰው የተሞሉ ነበሩ። ይህንን ከራሷ አልደበቀችም፤ መቆየት ግን አላሰኛትም።

መንገድ ላይ ወጣች። ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ ይቻኮላል፣ መኪናው ይጮኻል። ሌሎች እልል ሲሉላት እሷ ቀኑን ሙሉ አንዴ እንኳ እልል አላለችም፤ መጀመሪያ ሰው ልታወጣ፣ ቀጥሎ ልታስተምር ስትሯሯጥ። እግረኛ መንገዱ መሃል ቆመች፣ ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ወተፈች፣ እልልልል አለች። አላፊ አግዳሚው ዞረ። ሽንኩርት የተሞላ ዘንቢል የያዘች አንዲት የማታውቃት ሴት አየቻት፤ ምን አግኝተሽ ነው ብላ አልጠየቀችም፤ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠችና አብራት እልል አለች።